የሙሄ አደም አረማመድ

ሙሄ አደም ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። ሆስፒታሉ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ለሚመለከተው ሁሉ ልኳል። ጨረሩ ግን አላመነም። በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲል ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካለው ማማ ይነሳና የከተማውን ዳር አልፎ፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ አንድ ሰው ያገኛል። ያንን ሰው እየተከተለ ዳገቱን ይወጣል። አናት ላይ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ያህል አብሮት ይቆማል፤ ከዚያ አብሮት ይወርዳል። በመዝገቡ ላይ ያ ሰው ሙሄ አደም ነው።

ፋይሉ ጦይባ ይመር እጅ የገባው በ2089 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ጦይባ በደሴ የጨረር ቁጠባ ቢሮ፣ የእርማት ክፍል ሠራተኛ ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን ያሳለፈችው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ሥራዋ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ የሚያበሩ ጨረሮችን እየፈለገች መዝጋት ነው። አብረዋት የሚሠሩት በቀን መቶ ፋይል ይዘጋሉ። እሷ ሰማንያም አይሞላላት፤ ነገር ካልገባት ምሳ አይወርድላትም።

በዚያ ዘመን ማማዎቹ እንደ ድሮው በየአቅጣጫው አይበትኑም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀጭን ጨረር ይልካሉ፤ ሰውየው ሲራመድ ይራመዳል፣ ሊታጠፍ ሲል ቀድሞት ይታጠፋል። ሰውን የሚለየው በፊቱ ሳይሆን በአረማመዱ ነው። ስለዚህ የደሴ ሰው አረማመዱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። ጫማ ሲገዛ ልኩን ብቻ ሳይሆን “እርምጃዬን ይቀይርብኝ ይሆን?” ብሎ ይጠይቃል። መንገድ ላይ ድንገት ዞር የሚል ሰው የለም። ዞር ካለ ጨረሩ አልፎት ይሄድና የሱቁ በር አይከፈትለትም፣ ታክሲው አይቆምለትም። ዕቃ ረስቶ የወጣ ሰው ቤቱ ከኋላው እየታየው ሰፈሩን ሙሉ ዞሮ ነው የሚመለሰው። ሰላምታም በክንድ ርቀት ሆኗል፤ ሁለት ሰው ተቃቅፎ ከቆየ መረቡ አንዱን ጨረር ለቁጠባ ይወስደዋል። ይህን ማንም እንደ ችግር አያነሳውም። ከተማው ዘጠና አንድ ከመቶ ደርሷል፤ ማለትም ከመቶ ጨረር ዘጠና አንዱ ትክክለኛው ሰው ላይ ያርፋል።

“ይሄ ምን ይጠየቃል?” አላት የክፍሉ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ፣ ፋይሉን በትከሻዋ አሻግሮ እያየ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ከቁጥር ሌላ ብዙም ነገር የማያስደስተው መሐንዲስ ነው። “ሞቷል በይና ዝጊው።”

“እየተራመደ ነዋ።”

“ጨረር ይሳሳታል።”

“ስምንት ወር ሙሉ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት? እኔ ራሴ እንደዚህ በሰዓቱ ሥራ አልገባም።”

“እሱንስ አውቃለሁ” አለ አቶ ልዑልሰገድ። ጥቂት አሰበና፣ “እሺ፣ ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ነይ። ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ግን ይዘጋል። ዘንድሮ ዘጠና አራት መግባት አለብን።”

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጦይባ የከተማውን ዳር ተሻገረች። ዳሩ ላይ አጥር የለም፤ ግን እግሯ እንዳለፈ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ስልክ ጸጥ አለ። መረቡ ከሰባት ዓመት ወዲህ ከዳር ውጭ አዲስ መንገድ አይማርም። ዱሮ የተማራቸውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ጦይባ ቆመች። የሚቀጥለው መታጠፊያ በየት እንደሆነ የሚነግራት ሲጠፋ፣ ሰው መጠየቅ እንዳለባት የገባት ከቆየች በኋላ ነው።

አንድ ሰውዬ የባሕር ዛፍ ግንድ ይፈልጣል። ቀረብ ብላ፣ “እንደምን ዋሉ? ወደ ላይ የሚያወጣው በየት በኩል ነው?” አለችው።

ሰውየው መጥረቢያውን ተደግፎ አያት። “ስልክሽ አይነግርሽም?”

“እዚህ አይሠራም።”

“አሥር ሰዓት ሲሆን ይሠ…” አለና ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ በአገጩ ወደ ቀጭኗ መንገድ ጠቆማትና ወደ ፍልጡ ተመለሰ። ጦይባ መንገዱን ይዛ ወጣችና አናቱ አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ተሸሸገች።

ጉም ከጦሳ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ሲል ከታች በኩል አንድ ሰው ብቅ አለ። አመድማ ካፖርት ለብሷል፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፤ በቀኝ እጁ ምርኩዝ ይዟል። ግራ እግሩን ጎተት፣ ትከሻውን ጣል፣ ከዚያ ፈጠን ያሉ ሁለት እርምጃዎች። ጦይባ ይህን አረማመድ ቢሮ ውስጥ ደጋግማ ስታየው ነው የሰነበተችው፤ ቅንጣት አልተሳሳተም። አጠገቧ ሲያልፍ ቁጥቋጦው ሥር መኖሯን አላየም።

አናቱ ላይ በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል አንድ ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ተራ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ መሐሉ ግን በመዶሻ ተደብድቦ ለጥ ብሏል፣ ተፈትጎም እንደ መስታወት ያበራል። እንጨቱ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመሩ ምልክቶች አሉ። ሰውየው ቆርቆሮውን ወደ ሁለተኛው ምልክት አዘነበለና በሽቦ አሠረው።

የጦይባ ጆሮ በመልእክት ተጥለቀለቀ። በዚያችው ቅጽበት፣ ማንም አይኖርበትም ተብሎ ከተመዘገበው ገደል ውስጥ፣ ከጉሙ ሥር፣ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ፈነዳ።

“ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?”

“ሃሎ! እኔ ነኝ!”

ጦይባ ከቁጥቋጦው ወጣች። “ጋሽ ሙሄ?” አለች።

ሰውየው ዞረ። ከኮፍያው ሥር ያየችው ፊት የሴት ነበር፤ ስድሳ አምስትን ያለፉ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት።

“ከቢሮ ነሽ?” አሉ ሴትየዋ።

“አዎ፣ እማማ።”

“እንግዲያው አረፍ በይ። እኔ እንደሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከመቆም ሌላ ሥራ የለኝም። ቆርቆሮውን ብቻ አደራ እንዳትነኪ።”

ወይዘሮ ጀማነሽ ይባላሉ፤ የሙሄ አደም ሚስት ናቸው። ነገሩን ሳይደባብቁ አጫወቷት። ታች ያለው ሰፈር ጉድባ ይባላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መሬት ተንዶ ስምንት ቤት በላ፤ ነዋሪው ሁሉ ተነስቶ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ተሰጠው። ጉድባም ከመዝገብ ተፋቀ። ሃያ ስምንቱ አባወራ ግን ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ፤ ጓሮው፣ ከብቱ፣ የሙያ ደንበኛው ሁሉ እዚህ ነው። በመዝገብ ሰው በሌለበት ቦታ ደግሞ ጨረር አይወርድም።

“ሙሄ ጣሪያ ሠሪ ነበር” አሉ። “ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፤ አዲስ ቆርቆሮ ተሸክሞ በዚህች መንገድ ሲወርድ ታች የሁላችንም ስልክ ጮኸ! ‘ቁም!’ አልነው። ‘ሙሄ፣ አትንቀሳቀስ!’ እሱ እባብ ያየንለት መስሎት ደርቆ ቀረ። እኔ ወልዲያ ካለችው እህቴ ጋር አወራሁ፣ ጎረቤቴ ከልጇ ጋር አወራች። እሱ እዚህ ቆርቆሮ ተሸክሞ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ! ወርዶ ሦስት ቀን አላናገረኝም።”

ጦይባ ሳታስበው ሳቀች። ወይዘሮ ጀማነሽም ሳቁ።

“በአራተኛው ቀን ሁለት እንጨት ቆርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥር ሰዓት እዚህ ነበር። የሱ ጨረር ይከተለዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፤ ቆርቆሮው ወደኛ ይልከዋል።”

“ሲሞቱስ ሌላ ሰው ለምን አልቆመም? የራሱን ጨረር ይዞ?”

“ወጡ እኮ! ሁሉም በየተራ ወጡ። የማንም አልመጣ። የቀረው የሙሄ ብቻ ነው፤ የቀድሞ መንገደኛ ነዋ።” ካፖርታቸውን ጠቅለል አደረጉ። “እኔ አርባ ሁለት ዓመት ከኋላው ሄጃለሁ፣ ልጄ። ገበያ ስንሄድ ከኋላው፣ ለቅሶ ስንሄድ ከኋላው። ፊቱን ብትጠይቂኝ እየጠፋብኝ ነው። ጀርባውን ግን ወላሂ፣ አንድም ነገር አልረሳሁም። ካፖርቱን ለበስኩና ሞከርኩት። ሰፈርተኛው ታች ቆሞ ያርመኛል። ‘ትከሻሽን ጣል አድርጊ! ግራውን ጎትቺ! ኧረ አሁን በዛ!’ አሥራ አንድ ቀን ምንም የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ።”

“ሲመጣ ምን ተሰማዎት?”

“ያወቀኝ መሰለኝ” አሉ። “ሞኝነት ነው። ያወቀው እሱን ነው።”

ከዚያ ጦይባን ወደ ታች ላኳት፤ እሳቸው ከቦታቸው ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ጉድባ ከላይ ስትታይ ጉም ናት፤ ውስጧ ሲገቡ ግን የጎመን ጓሮ፣ የበግ ጉረኖ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ነው። ሰዉ በሦስት ረድፍ ቆሟል፤ የቆመው ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። አንዱ ከአሠሪው ጋር ይከራከራል፣ አንዲቱ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ሉባባ የምትባል ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ስኳር አለባት፤ ከጎድን አጥንቷ ሥር የተተከለው መሣሪያ መድኃኒቱን የሚመጥነው በየቀኑ ሐኪም ቤቱ ካነበበው ነው። ሁለት ቀን ሳይነበብ ካደረ ራሱን ይዘጋል፤ ሙሄ ሞቶ ጨረር በጠፋባቸው ቀናት ጎረቤቶቿ ተሸክመው ከተማ ያደርሷት ነበር።

“የቢሮ ሰው ናት” የሚል ሹክሹክታ ዞረ። ሉባባ ዓይኗን ገለጠች።

“ልትዘጊው ነው የመጣሽው?” አለቻት።

“ለማየት ነው የመጣሁት” አለች ጦይባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዳገቱን ተመልሳ ወጣች። ወይዘሮ ጀማነሽ ሽቦውን እየፈቱ ነበር።

“እማማ ጀማነሽ፣ ‘በሕይወት አለ’ ብዬ ልጽፍ እችላለሁ። ጨረሩ ይመሰክርልኛል። ማንም አይጠይቀኝም።”

እሳቸው ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ሽቦውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

“ሰውየው ሞቷል፣ ልጄ። ሥርዓቱ ተፈጽሞለት ተቀብሯል። ከሞተ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ዳገት ሳስወጣው ከረምኩ። ይበቃዋል።” እጃቸውን ዳሌያቸው ላይ አደረጉ። “እኔም የሱን እግር ስጎትት የራሴ አለቀ።”

“ታዲያ ሰፈሩስ?”

“እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ! የተማርሽው አንቺ።”

በማግስቱ ጠዋት ጦይባ ምንም ፋይል አልከፈተችም። መረቡ ከማይታወቅ ቦታ የሚመጣን መልስ ያስተላልፈዋል፤ ሲቆጥር ግን እንደ ጉድፍ አጣርቶ ይተወዋል። ያንን ማጣሪያ አነሳችና የሙሄ አደምን የትናንት ጨረር ከመዝገቡ እንደገና ለካች። ውጤቱን ስታይ ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። ከዚያ አቶ ልዑልሰገድን ጠራችው።

“በከተማው ውስጥ አንድ ጨረር ለስንት ሰው ያገለግላል? ከፍተኛው?”

“አንድ ነጥብ አራት። መናኸሪያው።”

“ይሄ ለሠላሳ አንድ ያገለግላል።”

አቶ ልዑልሰገድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “መለኪያው ተበላሽቷል።”

“ደሴ ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ጨረር የሞተ ሰው ጨረር ነው። ካላመኑ ዛሬ አሥር ሰዓት አብረን እንውጣ።”

ወጡ። አቶ ልዑልሰገድ ዳሩን ሲሻገርና ጆሮው ጸጥ ሲል እንደ ጠፋ ሰው ዙሪያውን ተመለከተ፤ ጦይባም ክንዱን ይዛ መራችው። አናቱ ላይ ወይዘሮ ጀማነሽ በካፖርታቸው ቆመዋል። ታች ጫጫታው ቀልጧል። አቶ ልዑልሰገድ ቆርቆሮውን እያየ ቀረበ፤ ቀረበና በአንድ ጣቱ ጫፉን ነካ አደረገው።

“አትንካው!” የሚል የሠላሳ ሰው ጩኸት ከጉሙ ሥር ወጣ። መሐንዲሱ እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ።

“ለልጅቷ ነግሬያት ነበር” አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ቆርቆሮውን እያስተካከሉ።

እሱ አልሰማቸውም። ቀያዮቹን ምልክቶች በስንዝር ይለካል። “ይሄን ማነው ያሰላው?”

“ባለቤቴ።”

“በምን?”

“በጩኸት። ትንሽ ያዘነብለዋል፤ ታች ዝም ካሉ አልደረሰም። ደግሞ ያዘነብላል። ‘ሃሎ፣ ሃሎ’ ሲሉ ያሰምራል። ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል፤ ዝናብ ሲሆን አንደኛው ምልክት፣ ደረቅ ሲሆን ሁለተኛው።”

አቶ ልዑልሰገድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጦይባ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ምንም ነገር አፉን ሲያስከፍተው አላየችም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሰው አለ ብዬ ከጻፍኩ ነገ ሊያነሷቸው ይመጣሉ” አላት። “ስለዚህ እኔ ቁጥሩን አይቻለሁ፤ ሰው አላየሁም። እዚህ ቦታ ላይ የሙከራ ጣቢያ ብዬ እፈርማለሁ፤ መረቡ ለአንድ ጠባቂ ብቻ ዳሩን ይከፍታል። ጠባቂው ግን በሕይወት ያለ ሰው መሆን አለበት። የሟቹ ይዘጋል።”

“ጠባቂዋ እሳቸው ናቸው” አለች ጦይባ።

አቶ ልዑልሰገድ ከኪሱ ትንሿን የመጻፊያ ሰሌዳውን አወጣና ስማቸውን አስገባ። ግንባሩ ተኮሳተረ። “እማማ፣ እርስዎ… በራስዎ እግር ሲራመዱ ከታዩ ስምንት ወር አልፎዎታል። ‘ሳይሞቱ አይቀርም፣ ይጣራ’ ይላል።”

“እኔ?”

“እርስዎ።”

“ይገርማል” አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። “እኔኮ ሳልሰማ ነው።”

መፍትሔው አንድ ነበር። በየቀኑ በገዛ አረማመዳቸው ዳገቱን ይወጣሉ፤ መረቡ እስኪያውቃቸው። እስከዚያው ጣቢያው ስለተፈረመ ጦይባ በጠባቂዋ ምትክ፣ በመስክ ሠራተኛ ፈቃዷ ለአንድ ሰዓት ጨረር ጠርታ ከቆርቆሮው ጎን ትቆማለች። የዚያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሉባባ ከታች “ንባቡ ደርሷል!” ብላ ከጮኸች በኋላ፣ ጦይባ የሙሄ አደምን ፋይል ከፈተች። ወይዘሮ ጀማነሽ አጠገቧ ቆመው ያያሉ። “ሞቷል” የሚለውን ነካችው።

“ይኸው ነው?” አሉ።

“ይኸው ነው፣ እማማ።”

ካፖርቱን አወለቁ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። ሌላ ምንም አላሉም። ሲወርዱ ግን አሁንም ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በማግስቱ ያለ ካፖርት፣ ያለ ምርኩዝ፣ በቀሚሳቸው ወጡ፤ እግራቸው ግን የሙሄ ነው። በሦስተኛውም ቀን የሙሄ ነው። በአምስተኛው ቀን መሐል መንገድ ላይ ቆመው ተናደዱ።

“እኔ እንዴት ነበር የምራመደው?” ብለው ወደ ታች ጮኹ።

የሙሄን ትከሻና ጉልበት ሳይቀር ያስጠኗቸው ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ “ፈጠን ፈጠን ትይ ነበር መሰለኝ” አለ። ሌላዋ “የለም፣ ቀስ ትላለች” አለች። ልብ ብሎ ያየ አልነበረም።

ወይዘሮ ጀማነሽ መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ጦይባ ከላይ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቢሮ ውስጥ ከስምንት ወር በፊት የነበረውን እርምጃቸውን ፈልጋው ነበር፤ ለቁጠባ ተሰርዟል።

“አብሽሪ” አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ መጽናናት የሚያስፈልጋት እሷ ትመስል። “በልጅነቴ እግር ነበረኝ። ያም የኔ ነበር።”

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሌላ ሌላ ነገር ይሞክራሉ። አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ አንድ ቀን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንድ ቀን ጎመን ይዘው ለጦይባ ሊሰጧት እየተጣደፉ። ከተማ ውስጥ የጦይባ ጨረር ደግሞ ይዛነፍ ጀመር፤ በየቀኑ ወጥታ ስለምትገባ የሱቁ በር ሁለቴ አልከፈተላትም። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ድንገት ዞራ የረሳችውን ጃንጥላ ለማምጣት ስትመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ አያት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወይዘሮ ጀማነሽ ገና ከግማሽ መንገድ ጀምሮ ጮክ ብለው እያወሩ ይመጣሉ። የሉባባ ፍየል ገመድ በጥሳ ጓሮ ገብታ ኖሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያባርራት አርፍዷል። ሲስቁ ቆም ይላሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ድንጋይ ሲያገኙ በቀኝ እግራቸው ይዘሉታል። የፍየሏ ነገር ስለያዛቸው እግራቸውን ረስተውታል።

በጦይባ መለኪያ ላይ ከማማው አንዲት ቀጭን መስመር ተነሳች። ዳሩ ጋ ደርሳ የምታመነታ ይመስል ቆየች፤ ከዚያ ተሻገረችና፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ፈልጋ፣ አውሪዋ ሴትዮ ላይ አረፈች። ሲራመዱ ተራመደች። ሲቆሙ ቆመች። ስሙ ብቅ አለ፤ ጀማነሽ።

ጦይባ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። ቢነገራቸው ወዲያው እግራቸውን ማየት ይጀምራሉ።

“ምነው ዝም አልሽ?” አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ እያለከለኩ አጠገቧ ሲደርሱ። “ፍየሏ ጣሪያ ላይ ወጣች እያልኩሽ!”

ጦይባ መለኪያውን ወደ ኪሷ መለሰችው።

“ከዚያስ?” አለቻቸው።